ልጅን አስረክቦ መውጣት

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለየወራቱ በሽታ ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ስንጽፍም አብዛኛውን ጊዜ መካሪ ሆነን ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ከራሳችን ቤት፥ ይልቁንም ከራሳችን ጥፋት ይጀምራል። ጥፋታችንን ተናግረን ሌላውን ቤት ከተመሳሳይ ጥፋት ማዳን የሚቻል ከሆነ፥ እፍረቱን መሸከም ይገባናል ብለን አስበናል።

እኛ በሙያችን ነርስ ነን። የምንኖረውም በሮቢት ነው። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ በራያ ቆላ ሜዳ የምትገኝ፥ ማሽላና ጤፍ የሚዘራባት ሞቃት ከተማ ናት። የምንሠራበትን ጤና ጣቢያ ስም አንጠራም። የምንናገረው ነገር በብዙ ሥፍራ ያለ ስለ ሆነ፥ አንዱን ቤት ለይቶ መውቀስ ፍርድን ማጉደል ይሆናልና።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ወር ነው። ይህ ወር በቆላው ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቆም የወባ ትንኝ የምትረባበት፥ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ሁሉ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ወደ እኛ የሚመጣበት ወር ነው። የሌሊት ተራችንን ፈጽመን ሳለ፥ በማለዳ የምትተካን ባልደረባ ስለ ቀረች እስከ እኩለ ቀን ሳንቀመጥ ቆየን። አንድ አባት የታዘዘላቸውን መድኀኒት ከመድኀኒት ክፍሉ ስላጡ ወደ እኛ ተመልሰው፥ «ሲስተር፥ ደመወዝ የምትበይው ለምንድን ነው?» ብለው ተቆጡን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

በዚህ መካከል ልጅ ያዣችን ልጃችንን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ልጃችን ያን ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። ቀኝ ክንዷ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ድረስ ተቃጥሎ ተላልጧል፤ በቁስሉም ላይ ኮልጌት ተለቅልቆበታል። የፈላው ጀበና ተገልብጦባት ነው።

የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ፥ ቁስሉን አይተን፥ የሆነውን ጠይቀን፥ ያመጣቻትንም አረጋግተን ሥራችንን በጀመርን ነበር። የራሳችን ስትሆን ግን ሌሊቱን ሙሉ በሆዳችን የተጠራቀመው ምሬት ሁሉ በዚያች ልጅ ላይ ፈሰሰ። በሰው ፊት ሰደብናት፤ በጥፊም መታናት። የልጃችንን ቁስል ያጠበችልን ባልደረባችን ናት እንጂ እኛ አይደለንም።

ማታ ቁጣው ሲበርድ ልጂቱን አጠገባችን አስቀምጠን ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቅናት። እርስዋም ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ፥ «እትዬ፥ ትላንት ሲወጡ ልብሱን እጠቢ፥ በርበሬውን ቀንጥሺ፥ ውሃውን ቅጂ፥ ሊጡን አቡኪ፥ ቤቱን ጥረጊ፥ ለጋሼም ቡና አፍዪ አሉኝ። ስለ ሕፃኗ ግን ምንም አልነገሩኝም» አለችን። ቆጠርነው፤ ስድስት ሥራ ነበር። ከስድስቱ አንዱም ስለ ልጃችን አልነበረም። ዕድሜዋን የጠየቅናትም በዚያች ማታ ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

በነርስነት ሥራ ርክክብ የሚባል ሥርዓት አለ። ተረኛዋ ነርስ ከመውጣቷ በፊት ከምትገባው ነርስ ጋር ከአልጋ ወደ አልጋ እየሄደች፥ በሽተኛው ማን እንደ ሆነ፥ ምን መድኀኒት በስንት ሰዓት እንደ ወሰደ፥ ምን እንደሚቀረው፥ ምን እንደሚያሠጋውና ምን ምልክት ቢታይበት ሐኪም መጥራት እንደሚገባ ትነግራታለች። ነገሩም በመዝገብ ይጻፋል። ይህን ሳታደርግ የወጣች ነርስ በሽተኞቿን ጥላ እንደ ሄደች ይቆጠርባታል። እንግዲህ ስሙን ትላንት ለሰማነው በሽተኛ ይህን ያኽል የምንጠነቀቅ እኛ፥ በማሕፀናችን የተሸከምናትን ልጅ ግን በር ላይ ቆመን፥ የጫማችንን ማሠሪያ እያሠርን ትተናት ወጣን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የዮናታን ልጅ የሜምፊቦስቴ ታሪክ ይገኛል። ሕፃኑ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ የአባቱና የአያቱ የሳኦል ሞት ተሰማ፤ ሞግዚቱም አንሥታው ሸሸች፤ ስትጣደፍም ወድቆ ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ። ሞግዚቲቱ የሕፃኑ ጠላት አልነበረችም፤ የሮጠችው ልታድነው ነው። ሕፃኑን የጎዳው ክፋት ሳይሆን ጥድፊያ ነው። እኛም በሥራችን ተቃጥለው፥ ወድቀው፥ የማይጠጣ ጠጥተው ከሚመጡልን ሕፃናት መካከል በሞግዚት ክፋት የተጎዱትን ጥቂት፥ በጥድፊያና ባለማወቅ የተጎዱትን ግን ብዙ ሆነው አግኝተናቸዋል።

አሁን ስለ ሥራችን ምሬት ጥቂት እንናገር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሰሜን ወሎ ባለፈ ጊዜ ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋልም። በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን ብዙ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም እንደ ደረሱ አንባቢያን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ነገር ላይ ፍርድ መስጠት የዚህ ዓምድ ሥራ አይደለም። ጥያቄው ከምን እንደ ተነሣ ግን ሌሊት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለሦስት ሰው የሚበቃው ሥራ በአንዲት ነርስ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የምትሠራበት ዕቃ ይጎድላታል። የደከመችበት የተረኝነት ክፍያ በጊዜው አይደርሳትም። መቶ በሽተኛ ድኖ ሲሄድ የሚያመሰግናት የለም፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ግን ጣት ሁሉ ወደ እርስዋ ይቀሰራል። አቤት ብትልም የሚሰማት አለቃ አታገኝም።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ስለ ራቀን ይህን አቤቱታ በልባችን ደጋገምነው። ስንደጋግመውም ቃል በቃል የልጅ ያዣችን አቤቱታ ሊሆን እንደሚችል ተረዳን። ስድስት ሥራ በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ጭነናል። ሕፃን ሲቃጠል ምን እንደሚደረግ አላስተማርናትም። የሁለት ወር ደመወዟን «ከእኛ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ብለን ይዘንባታል። ልጃችን በደኅና በዋለችባቸው ዐሥር ወራት አንድ ቀን እንኳ ሳናመሰግናት፥ ክፉ ነገር በደረሰበት በአንዱ ቀን ግን በሰው ፊት መታናት። በጤና ጣቢያው ስለ አለቆቻችን የምናወራውን ሁሉ እርስዋ ስለ እኛ ብትናገረው ሐሰት አይሆንባትም ነበር።

አንዳንድ አንባቢያን፥ «እናት ከቤቷ ባትወጣ ይህ ሁሉ ባልሆነ» ይሉን ይሆናል። ነገር ግን እናቶች ከቤት የሚወጡት ለልጆቻቸው እንጀራ ነው፤ ነርሷም ባትወጣ የሌሎች እናቶች ልጆች ያለ አስታማሚ ይቀራሉ። ሕጉም ቢሆን ችግሩን በከፊል ብቻ አይቶታል። በ2010 ዓ.ም. ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለሌሎች ሠራተኞች የወጡት አዋጆች ከወሊድ በኋላ ቀድሞ 60 ቀን የነበረውን ፈቃድ ወደ 90 ቀን ከፍ አደረጉት። ይህ መልካም ነገር ነው። ሆኖም እኛው ነርሶች እናቶችን ሰብስበን፥ «ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ምንም አይቅመስ» ብለን እናስተምራለን። ይህን የምታስተምረው ነርስ ራሷ ግን በሦስተኛው ወር ልጅዋን ለልጅ ያዥ ትታ ትወጣለች። የቀሩት ሦስት ወራት የማን ናቸው? እናት ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ብትተው፥ ሞግዚቲቱም በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ ብታጠጣ ነገሩ ይቻላል። ነገር ግን የታለበ ወተት ሙቀት በሌለበት ክፍል እንኳ ከአራት ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባውም፤ በሮቢት ፀሐይማ ከዚያም ያነሰ ነው። ይህንንም ሞግዚቲቱ ካልተነገራት ከወዴት ታውቀዋለች?

ልጅን መጠበቅ ለሴት ልጅ ሁሉ ከተፈጥሮ የተሰጠ ዕውቀት ነው የሚል አሳብ በብዙ ቤት አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን፥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል፥ የሕፃናት ነርስነትን ለዓመታት ተምራ እንደ ተመረቀች የታወቀ ነው። ሕፃን መጠበቅ ያለ ትምህርት የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ልዕልቲቱ ያን ያኽል ዘመን ባልደከመች ነበር። እኛ ግን ከገጠር ትላንት የመጣችውን ልጅ ዛሬ ሞግዚት እናደርጋትና፥ ሳናስተምራት እንደ ተማረች እንቆጥራታለን።

እንግዲህ በርክክብ ጊዜ ምን ምን መነገር እንዳለበት፥ በራያ ቆላ ቤቶች ካየነው በመነሣት እንጻፍ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሥራው በማዕርግ ይለይ። «ዛሬ የአንቺ ሥራ ሕፃኗ ናት፤ እርስዋ ካለቀሰች ሊጡም ይቅር፥ ልብሱም ይቅር፤ ስለ ቀረው ሥራ አልቆጣሽም» ማለት ያስፈልጋል። ይህን ቃል ያልሰማች ሞግዚት ከሕፃኑ ይልቅ የእመቤቲቱን ቁጣ ትጠብቃለች።

ቀጥሎ የእሳት ነገር ነው። ቡና የሚፈላው ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው ሲኖር ነው። ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ ምጣድ አጠገብ አይቆምም። የከሰል ምድጃም ሕፃን በተኛበት ዝግ ክፍል አይገባም፤ ጢሱ ባይታይም ይገድላልና። ሕፃን የተቃጠለ እንደ ሆነ ቶሎ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ 20 ደቂቃ ያኽል ማፍሰስ፥ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ኮልጌት፥ ቅቤ፥ እንቁላል ወይም ሊጥ መቀባት ቁስሉን ያብሳል እንጂ አያድንም።

ሦስተኛው መጠጥ የሚመስል መርዝ ነው። በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ቤቶች የተባይ መድኀኒቱን፥ ሌሎቹም በረኪናውንና ላምባውን በሃይላንድ ዕቃ ያስቀምጣሉ። ሕፃን ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው ይላል። እንዲህ ያለው ነገር ሕፃን በማይደርስበት ከፍ ያለ ሥፍራ ይቀመጥ፤ በመጠጥ ዕቃም ከቶ አይደረግ። የጠጣ ሕፃን ቢኖር እንዲያስመልሰው ማስገደድ አይገባም፤ ሲመለስ ጉሮሮውንና ሳንባውን እንደ ገና ይጎዳዋልና። ሕፃኑን ከነዕቃው ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

አራተኛው ጉሮሮ የሚዘጋና ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር ነው። ከቡና ጋር የሚቀርበው ቆሎና ለውዝ ለትንሽ ሕፃን አይሰጥም፤ ሳንቲምና የባትሪ ድንጋይም ከወለል ይለቀም። ውሃ የተሞላ ባልዲ ሕፃን ያሰጥማልና ይከደን። ወንዝ ዳር ልብስ ለማጠብ ሕፃን ይዞ መውረድም በክረምት አሥጊ ነው፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ በደጋው የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በድንገት ይደርሳል። ከተማውንም አቋርጦ የሚያልፈው አስፋልት የጭነት መኪናና ባጃጅ የማይለየው ስለ ሆነ፥ የግቢው በር ተዘግቶ ይዋል።

አምስተኛው የበሽታ ምልክት ነው። ትኩሳት በቆላ አገር ማግሥቱን አይጠብቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ምርመራ ይወሰዳል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ለምለም የሚባለው ንጥረ ነገር፥ በከረጢቱ ላይ እንደ ተጻፈው በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል፤ ጡትም አይከለከልም። ከራሱ ላይ ወድቆ የሚያስመልሰው ወይም ያለ ሰዓቱ የሚያንቀላፋ ሕፃን እንዲተኛ ተትቶ ሳይሆን ተይዞ ወደ ሐኪም ይሄዳል። የእናትና የአባት፥ የአንድ የታመነ ጎረቤትም የስልክ ቁጥር በጉልህ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለሞግዚቲቱም የመደወያ ሒሳብ አይታጣላት። ሕፃኑንም ከእነማን በቀር ለማንም እንዳትሰጥ በስም ይነገራት።

ይህ የማለዳው ርክክብ ነው። የማታውም ርክክብ ከዚህ አያንስም። ወደ ቤት እንደ ገባን፥ «ምን በላች? ስንት ሰዓት ተኛች? ወድቃ ነበርን?» ብለን በለሰለሰ ድምፅ እንጠይቅ። በሥራችን አንድ የተማርነው ነገር አለ። አለቃ ስሕተትን በቁጣ ብቻ በሚቀበልበት ሥፍራ ነርሷ ስሕተቷን ትደብቃለች፤ የተደበቀው ስሕተትም በሽተኛውን ይጎዳል። በቤትም እንዲሁ ነው። የምትፈራ ሞግዚት የወደቀውን ሕፃን አልወደቀም ትላለች፤ እኛም አምነን እናስተኛዋለን። ስለዚህ ከሥራ ይዘነው የመጣነው ምሬት በደጃፍ ላይ ይቅር የምንለው ለልጂቱ አዝነን ብቻ አይደለም፤ ለልጃችን ሕይወት ስንል ነው። ደክሞን ከሆነ ፊታችንን ታጥበን፥ ውሃ ጠጥተን፥ ጥቂት ተቀምጠን እንጠይቅ።

ሞግዚቲቱም ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምንም እንኳ በሰው ቤት የሚያገለግሉትን በቀጥታ ባይመለከት፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ከልክሏል። በፋብሪካ የተከለከለው ሕፃንነት በቤታችን የተፈቀደ ሊሆን አይገባውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም፥ አሠሪ በቤቱ የሚኖረውን ሠራተኛ በመኖሪያው፥ በምግቡ፥ በሥራውና በዕረፍቱ ጊዜ ረገድ ጤናውንና መልካም ጠባዩን እንዲጠብቅለት አዝዟል። የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ የሚዘጋ መዝጊያ ይኑረው። ደመወዟ በወሩ ይሰጣት። በሳምንት አንድ ቀን፥ በዓልም በሚሆንበት ጊዜ፥ ትረፍ። ይህን መናገር የአባወራውም ሥራ ነው፤ ቤቱ የሁለት ነውና። ማታ ርክክቡን እናት ተረኛ በሆነች ጊዜ አባት ይቀበል።

ለብቻ የማይቻለውን ደግሞ በኅብረት መሞከር ይገባል። ገበሬዎቻችን ማሽላውን በወንፈል ያርማሉ፤ ዛሬ የአንተን፥ ነገ የእኔን ይላሉ። ተራቸው የማይገጥም ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኞች እናቶች ስለ ምን ልጆቻቸውን በወንፈል አይጠብቁም? ስለ ምንስ በአንድ ሠፈር ያሉ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን አዋጥተው፥ ልጅ ያሳደጉ አንዲት ጎልማሳ ሴት በአንድ ቤት አይቀጥሩም? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ሌሊትና ቀን የማይዘጋው የጤና ቤት ከሌላው መሥሪያ ቤት ሁሉ ይልቅ እንዲህ ያለ ክፍል ያስፈልገዋል። ለዚህ አንድ ክፍልና አንዲት ሴት ቢገኙ፥ ነርሷ ልቧ ወደ ቤት ሳይከፈል የሰው ልጅ ታስታምማለች።

የራሳችንን ነገር ተናግረን እንፈጽም። በማግሥቱ ልጂቱን ባልደረቦቻችን በተሰበሰቡበት፥ ማለት በመታናት ሥፍራ፥ ይቅርታ ጠየቅናት። የተያዘውን ደመወዟን ከፈልናት። አክስቷንም ጠርተን ተማከርንና ትምህርት ቤት አስገባናት፤ ከእኛ ጋር እንደ ቤት ልጅ ትኖራለች። ልጃችንን የሚጠብቁልን አምስት ልጆች ያሳደጉ ጎረቤታችን ናቸው። እማማ እንላቸዋለን። እርሳቸውም ቢሆኑ በመጀመሪያው ቀን ርክክብ ማድረግ ስንጀምር ሣቁብን፤ «እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አሉን። ስለ በረኪናው በሃይላንድ ስንነግራቸው ግን ዝም ብለው ተነሡና፥ ከራሳቸው ቤት አልጋ ሥር አንድ ሃይላንድ አውጥተው አሳዩን።

የልጃችን ክንድ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። እኛም በየማለዳው ሩብ ሰዓት ቀድመን እንነሣለን። ጫማችንን የምናሠረው ልጃችንን ካስረከብን በኋላ ነው።